የሚዛኑ ቀን

ባለፈው ሳምንት ሁለት ኪሎ ተኩል ያልሞላው ጨቅላ ዛሬ እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ ሲመዘን ሦስት ተኩል ገባ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«አየሽ? ጡትሽን ብቻ ስጪው ያልኩሽ ለዚህ ነው!» አለቻት አራሷን። አራሷ አንገቷን ደፋች።

አማቷ እማማ ፈንታዬ ግን «ያንቺ ምክር ነው፣ ልጄ!» ብለው፣ ፀሐይ ላሙቀው እያሉ ሕፃኑን ይዘውት ወጡ።

ሠራተኛዋ ቁጥሩን አድምቃ ጻፈች፤ ለአለቃዋ የምታወራውን እያሰላሰለች ወደ ጎረቤቲቱ አራስ ቤት ተሻገረች።

«በይ ልጅሽን አምጪው፣ እንመዝነው።»

«አሁን እኮ መዘንሽው!» አለች ጎረቤቲቱ። «እማማ ፈንታዬ ተውሰውት ነበር። የእነሱማ አንቺ ካየሽው ወዲህ ጡት እምቢ ብሏል፤ ዓይን ነው ብለው ጓዳ ደብቀውታል።»