ባዕድ ወንዴ

ገበሬው ከአባቱ የወረሰው የጋንጃ ዘር ጠባዩ እንዳይለወጥ፣ ለዘር ከሚያስቀረው አንድ ወንዴ በቀር ሌላውን ወንዴ ሁሉ ሳያብብ እየነቀለ ኖሯል። ከካቻምና ጀምሮ ግን ቅጠሉ ሰፋ፤ ሽታውም የአባቱ አልሆን አለ። ንፋስ ብናኙን የሚያመጣበት ባዕድ ወንዴ አንድ ቦታ አለ ብሎ የጎረቤቱን ጓሮ ሁሉ ቢያስስ አጣ።

በመጨረሻ ፖሊሶች ደረሱበት። ተክሉን ከነሥሩ ነቅለው፣ እሱንም በካቴና አስረው ከማሳው ማዶ ወዳለው ጣቢያ ወሰዱት። እዚያ አጥሩ ሥር ቅጠሉ የሰፋ ወንዴ ጋንጃ አብቦ ቆሟል። አንድ ሳጅን ውሃ ያጠጣዋል።

«ይሄን ማነው የተከለው?» አለ፣ መታሰሩን ረስቶ።

«ኤግዚቢት ነው፤ እንዳትነካ» አለው ሳጅኑ። «የፍርድ ቤት ቀጠሮው እየተራዘመ አስቸገረን። በደረቀ ቁጥር አብሮ ከተያዘው ዘር እንተካለን። ያንተንም እዚሁ ጎኑ እንተክለዋለን።»