የምርኮኛ ሩዝ

በበርማ ጫካ፣ ናይጄሪያዊው ወታደር ጋምቦ እጁ ከታሰረ ጃፓናዊ ምርኮኛ ፊት ቁጢጥ ብሏል። ታናሽ ወንድሙ አውዱ ቆስሎ በጃፓኖች ከተያዘ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ የደረሰበትን ሊነግረው የሚችል ይህ ሰው ብቻ ነው።

«እስኪመሽ ካልተናገረ ይረሸናል» አለ አዛዡ፣ እንግሊዛዊው ሻምበል። «ጥርስህን አሳየው እንጂ! ጥቁሮቻችን ሰው ይበላሉ ብለን ያስወራነው ለመቼ ነው?»

የጋምቦ ደም ፈላ። ለሰው አገር ንጉሥ ሊሞት ባሕር ተሻግሮ ቢመጣ፣ ጅብ ሁንልን ይሉታል!

«ጌታዬ፣ እኔን የወለደችኝ ሰው ናት» አለ።

የምርኮኛውን እጅ ፈታና ሩዝ በጣሳ አቀረበለት። ሰውየው አንገቱን እንደደፋ ጣሳውን አልነካም። በጋምቦ አገር የማታውቀው ሰው የሚሰጥህን ምግብ ሰጪው ራሱ ሳይቀምስልህ አትነካም። ስለዚህ ጋምቦ ራሱ አስቀድሞ አንድ ጉርሻ ዋጠና ጣሳውን ወደ ምርኮኛው መለሰ። «በል ብላ፣ መርዝ የለበትም።»

ምርኮኛው የጋምቦን አፍ አየ። ጉንጩ ላይ ያለውን የጎሳ ብጣት አየ። ድንገት አጠገባቸው ወደቆመው በርማዊ አስተርጓሚ ዞሮ እየተንተባተበ መናገር ጀመረ።

«ምን አለ? አውዱ በሕይወት አለ?»

አስተርጓሚው አቀረቀረ።

«እንዳንተ ጉንጩ የተበጣ ልጅ በእጃችን ነበር ይላል። ሩዝ ስንሰጠው ጣሳውን ወደኛ እየገፋ አፋችንን በጣቱ ያሳየናል። የናቀን መስሎን ተውነው፤ ቁስልና ረሃብ ጨረሰው ይላል።»

«ሌላስ?»

«‹ቅመሱልኝ ማለቱ ነበር ወይ?› ብሎ ይጠይቅሃል።»