አራጋው መንገዱን የዘጋ ቀን

«ሁላችሁም ውረዱና ወደ እኔ መኪና ግቡ...»

አራጋው ይህን ያለው ሚኒባሱን መንገዱ መሀል ላይ አግድም አቁሞ ነው።

ከኋላው ሰው ጭኖ ይመጣ የነበረው ከፋለ ለጥቂት ነው ሳይገጨው የቆመው።

ቦታው ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው ቁልቁለት ነው... በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል።

ሁለቱም እዚያው መስመር ላይ የሚሠሩ የሚኒባስ ሾፌሮች ናቸው። መናኸሪያ ውስጥ በተራ ምክንያት ተጣልተው ከተደባደቡ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። ሽማግሌ ቢገባም አልሆነም።

የዚያን ዕለት አራጋው ከጋሸና ሰው ሊያመጣ ባዶ መኪናውን ይዞ ሽቅብ እየወጣ ነበር። ከፋለ ደግሞ ሰው ጭኖ ይወርዳል።

ተላለፉ... ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

ግን ጥቂት ቆይቶ አራጋው አዙሮ ተከተለው። ጡሩምባውን እያስጮኸ ደረሰበት፣ ቀደመውና መንገዱን ዘጋው።

ከፋለ የመሰለው አንድ ነገር ብቻ ነው... ተሳፋሪ ሊቀማኝ ነው።

ወርዶ አንገቱን ሊያንቀው ሄደ።

አራጋው አልሸሸም፣ አልተሳደበምም። በጣቱ የፊት ጎማውን አሳየው።

«የግራ ጎማህ እያነከሰ ነው። ጎማውን የሚያዞረው ኩሽኔታ አልቋል... ስንተላለፍ ድምፁን ሰማሁት።»

ከፋለ የሚጮኸው መንገዱ ነው ብሎ ተከራከረ።

እውነቱን ለመናገር ጎማው ማጉረምረም ከጀመረ ሰንብቷል። እሱ ግን ዘፈኑን ከፍ አድርጎ ነበር የሚነዳው።

መጀመሪያ የወረደችው አራስ ልጅ የታቀፈች እናት ናት። ሌሎቹም እሷን ተከትለው ወረዱ።

አራጋው ሁሉንም ጭኖ ወደ ላሊበላ ሄደ።

ከፋለ ብቻውን ቀረ። ስልኩን አውጥቶ ተራ አስከባሪው ጋ ደወለና ከሰሰው። ከዚያ መኪናው ጤነኛ መሆኗን በቪዲዮ ቀርጾ ሊያሳይ ክሪኩን አውጥቶ ጎማውን አነሳ።

ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው...

ጎማው እንደ ልጅ ጥርስ ተወዛወዘ።

መሀሉን ሲነካው ጣቱን አቃጠለው።

ከፊቱ ያለውን ቁልቁለት አየ። ገደሉን አየ። ያቺን አራስ አሰበ...

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሲረጋጋ ኩሽኔታ ፍለጋ ደወለ። ላሊበላ የለም፣ ጋሸናም የለም። ወልድያ ይኖር ይሆናል አሉት። መኪናዋ የቆመችው ደግሞ መታጠፊያ ላይ ነው። ሲመሽ ከባድ መኪና ያልፋል... ትቷት የሚሄድበት ቦታ አይደለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ አይሱዙ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

አራጋው ወረደ። በአንድ እጁ የመፍቻ ቦርሳ፣ በሌላው በአሮጌ ሸሚዝ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

«አዲስ አይደለም» አለው፣ «ግን ጤነኛ ነው።»

ጎማውን አብረው ፈቱ። አራጋው የተቃጠለውን ኩሽኔታ በመዶሻ እየመታ አወጣ። ያመጣውን በአውራ ጣቱ ግራሶ እያጠገበ፣ ሳይቸኩል ገጠመው። ጎማው በእጅ ሲገፉት ያለ ድምፅ ዞረ።

ከፋለ ከየት አመጣኸው ብሎ ጠየቀው። እቤት የተቀመጠ ነበረኝ አለው። ስለ ሂሳብ ሲያነሳበትም በኋላ እንነጋገራለን ብሎ ዝም አሰኘው።

ላሊበላ ሲደርሱ ቤትህ ላድርስህ ቢለው አልፈለገም። መናኸሪያው ጋ ወረደ።

ከዚያ በኋላ አራጋው ከመስመሩ ጠፋ።

አንድ ቀን... ሌላ ቀን... ተራው ሲደርስ ሌላ ሰው ይገባል።

ከፋለ አላስችል ብሎት ቤቱን አጠያይቆ ሄደ። የአራጋው ባለቤት ሐምዲያ በሩን ከፍታ አስገባችው።

ገና ግቢው ውስጥ እንደገባ ቀጥ ብሎ ቆመ...

የአራጋው ሚኒባስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የፊት ጎማዋ የለም።

ሐምዲያ ናት የነገረችው። አራጋው የዚያን ዕለት ተሳፋሪዎቹን አድርሶ መጣ፣ የገዛ መኪናውን ኩሽኔታ ፈታ፣ ከዚያ መንገድ ወጥቶ አይሱዙ ለመነ። ምትኩን ከወልድያ ላኩልኝ ብሎ እስካሁን እየጠበቀ ነው።

አራጋው ከቤት ሲወጣ ከፋለ ለምን እንዲህ አደረግክ አለው።

«የእኔዋ ግቢ ውስጥ ነው የቆመችው... ማንም አይገጫትም። ያንተዋ መንገድ ላይ ነበረች።»

ከፋለ አንገቱን ደፋ። ባለፈው ክረምት የአራጋው አባት ሲሞቱ፣ አገሩ ሁሉ ሲመጣ እሱ ቀርቶ ነበር።

«ለአባትህ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም...» አለ።

«አውቃለሁ። በር በሩን ሳይ ነበር የዋልኩት።»

ከፋለ እዚያው ቆሞ አለቀሰ።

በማግስቱ ማልዶ ወልድያ ሄደ። ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ አዲስ ኩሽኔታ ይዞ ተመለሰ። ሁለቱ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ክንዳቸው ድረስ ግራሶ ተቀብተው ገጠሙት። ሐምዲያ ምሳ አቀረበች... ከአንድ ትሪ በሉ።

ወዳጆቼ... አራጋው ይህን ያደረገው ቂም የማያውቅ ሰው ስለሆነ አይደለም። አዝኖበት ነበር። ግን ካዘነበት ሰው ጀርባ የተቀመጡትን ሰዎች አየ። ሰውየውንም ጭምር ገደል ሲገባ ማየት አልፈለገም። ከሰው ጋር መጣላት ያለ ነው... በሰው ሞት ላይ ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

እናንተስ? እንደዚያ ያስቀየማችሁ ሰው ጎማው እያነከሰ ሲያልፍ ብታዩ... መኪናችሁን አዙራችሁ ትከተሉት ነበር?

ከልባችሁ አስባችሁ ጻፉልን...