የባሕር ዛፍ ዘይቱን ማን ነካው?

እማማ ሚዛንን የበደለቻቸው የገዛ ልጃቸው ሚስት ናት። ዘይታቸውን አበላሸችባቸው።

ዘይቱ የባሕር ዛፍ ዘይት ነው። እማማ ሚዛን ያለ እሱ ውለው አያውቁም። ጉልበታቸውን ያሹበታል፤ ወለል ሲወለውሉ ውኃው ውስጥ ጠብ ያደርጉታል፤ ብል እንዳይገባ ጥጥ ነክረውበት ቁም ሳጥን ውስጥ ይወሽቃሉ፤ ልብስ ላይ የተጣበቀ ማስቲካ ያስለቅቁበታል። ጉንፋን የያዘው ጎረቤት ከመጣም የፈላ ውኃ ላይ ጨምረው፣ ፎጣ አከናንበው ያጥኑታል።

ስም ያወጣላቸውም ይኸው ዘይት ነው። በጉልበታቸው ዘመን ቅጠሉ እየተቀቀለ ዘይት የሚወጣበት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። እሳቸው ያላሸተቱት በርሜል አይታሸግም። "ሚዛንን ጥሯት!" ይባላል። መጥተው አንዴ ሳብ ያደርጉና "ይኼ ንጹሕ ነው፣ ያ ተነካክቷል" ይላሉ፤ አለቀ። ፊደል ብዙም አልቆጠሩም። እንዲያ ያለ አፍንጫ ይዞ ፊደል ምን ያደርጋል?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ክፉ ጉንፋን ተይዘው አልጋ ላይ የዋሉ ጊዜ ነው። ምራትየው "እኔ አለሁ፣ እርስዎ ይተኙ" ብላ የጓዳውን ቁልፍ ተረከበች። ተሽሏቸው ሲነሡ ጠርሙሱን ከፈቱና አሸተቱ። የቧንቧ ውኃ ይሻለዋል።

"ምን ደባለቅሽበት?" አሏት።

"ምኑ ላይ፣ እማዬ?"

"ዘይቴ ላይ ነዋ! የምግብ ዘይት ነው?"

ምራትየው ጠርሙሱን ተቀብላ አሸተተች። ፊቷ ልውጥ አለ። እማማ ሚዛን ይቺ አላመለጠቻቸውም።

"ምንም አልነካሁም" አለች ቀስ ብላ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

እማማ ሚዛን በቃል የሚሸነገሉ ሴት አይደሉም። ነጭ መሐረብ ላይ ጠብ አደረጉት። የምግብ ዘይት ካለበት ቅባቱ ይቀራል፤ ንጹሕ ከሆነ ተንኖ ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ መሐረቡን ቢያገላብጡት ምንም የለበትም።

"አይ ተንኮል!" አሉ። "ምልክት የማይተው ነገር ፈልጋ አገኘች!"

ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ከምራታቸው ላይ አልነቀሉም። አንድ ጠዋት ወተት ሊጠጡ ብርጭቆውን ሲያነሡ ከእጃቸው መንትፋ ደፋችው። ዝንብ ገብቶበት ነው አለች። የምን ዝንብ? ድስት ከጣዱ እንደ ጥላ ተከትላቸው ትመጣለች፤ አየሩን እንደ ድመት ታነፈንፋለች፤ የጋዝ ምድጃውን ትነካካለች። ወለል በወለወሉ ቁጥር ደግሞ መስኮቱን ሁሉ ብርግድ ታደርጋለች። ዘይቱ ስለ ደከመ እማማ ሚዛን ጠብታውን ትተው ማንቆርቆር ጀምረዋል፤ ታዲያ እሷን ምን መስኮት ያስከፍታታል? ልጃቸውም ከሥራ ገብቶ ትንሽ እንደ ተቀመጠ ዓይኑ ይቀላል፣ እንባ ያቀርራል። ምን የመሰለ ወንድ፣ በገዛ ቤቱ! ማን እንደሚያስለቅሰው ለእናት አይነገርም።

መጨረሻ ላይ የገዛ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ አንገቷን ቀብራ ልብሳቸውን ስታሸት ያዟት።

"ምን ጠፋብሽ፣ የኔ እመቤት?"

"እ... ብል ካለ ብዬ ነው።"

"ብሉስ አንቺ ነሽ!"

ልጃቸው ከሥራ ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቁት። "ወይ እሷ፣ ወይ እኔ" አሉት።

"እማዬ፣ እኔ እንደሆን ዘይቱ ደህና ነው የሚሸተኝ።"

"አንተማ የምታሸተው በሚስትህ አፍንጫ ነው!"

ልጅየው በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ወዲህ እናት፣ ወዲያ ሚስት። "በቃ" አለ። "ነገ ጠዋት አብረን መድኃኒት ቤት እንሂድ። አዲስ የታሸገ ጠርሙስ በገዛ እጅሽ ከፍተሽ ካንቺው ጋር ታስተያያለሽ። ያንቺው ተነክቶ ከሆነ እኔው ራሴ ወደ ወላጆቿ እሸኛታለሁ።"

"እሰይ! አሁን ልጄ ሆንክ።"

ምራትየው ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "አይሆንም! መድኃኒት ቤት ድረስ ምን ያስኬዳል?"

"ምን ያስፈራሻል?" አላት ባሏ።

እማማ ሚዛንን አየቻቸው። አንገቷን ደፋች። "ሰው ፊት አይሁን። እኔ ነኝ የነካሁት። እሄዳለሁ።"

"ሰማህ?" አሉ እማማ ሚዛን እያጨበጨቡ። "ከገዛ አፏ ወጣ! አሁንማ መሄዳችን አይቀርም። ሰፈሩ ሁሉ ይወቅልኝ!"

በማግስቱ ጠዋት እማማ ሚዛን አሮጌውን ጠርሙስ ይዘው ከፊት ከፊት፣ ምራትየው ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከኋላ፣ ልጅየው ከሁለቱም ርቆ ሄዱ። መድኃኒት ቤቱ ሞልቷል። ያ ለእማማ ሚዛን ሠርግ ነው።

"አዲስ አምጣ፣ የታሸገ!" አሉት ባለ መድኃኒት ቤቱን። "አንተ እንዳትከፍተው!"

"ኧረ እርስዎ እያሉ እኔ ምን ቤት ነኝ?" አለና አቀበላቸው።

ማሸጊያውን ቀጭ አድርገው ፈቱት። አፍንጫቸው ሥር አደረጉት። ከኋላቸው የቆመች ሴት አስነጠሳት። ባለ መድኃኒት ቤቱ ዓይኑን እያሸ ወደኋላ አለ።

"ኧረ እማማ፣ ቶሎ ይክደኑት! ሊገድለን ነው!" አለ እየሳቀ።

እማማ ሚዛን አንዴ ሳቡ፤ ደገሙ፤ ከዚያ ጠርሙሱን ከደኑና የምራታቸውን ሻንጣ ከእጇ ተቀብለው የቤታቸውን መንገድ ጀመሩ።