አንድ ምልልስ

«በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት!» ትላለች ጎረቤቷ ልብስ አጣቢዋ፣ የእጇ አረፋ ሳይደርቅ ዘው ብላ። «ባልሽ አጥሩ ጥግ ቆሞ ባለጋሪውን ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹ዕቃዬ ብዙ አይደለም፣ አንድ ምልልስ ይበቃል።› እየመጡልሽ ነው እንግዲህ!»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አትልም። እግሯንም ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አታነሳም። አንድ ምልልስ። አስራ አንድ ዓመት አብረው ኖረው፣ አንድ ምልልስ።

አልተጣሉም እኮ። ባሏ አናጢው ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። የዛሬ ሁለት ሳምንት እጇን ይዞ፣ «መዋሸት አልችልበትም፤ እንደ እህቴ ሆነሽብኛል» አላትና ወንድሙ ቤት ገባ። አብረው ነው ያለቀሱት። ብትረግመው ይቀላት ነበር፤ ግን ስትታመም ጠጉሯን ያበጠረላትን ሰው ምን ብላ ትርገመው?

«ብልጥ ሁኚ!» አክስቷ ከአልጋው ጫፍ ብድግ ትላለች፤ ወሬ ካለ ጉልበቷን አያማትም። «በሩ ይዘጋ! የለችም ብሎ ይመለስ፤ እስከ ነገ ሆዱ ይባባል። እኔ የአጎትሽን ሻንጣ ስንቴ ደብቄበታለሁ መሰለሽ?»

«እሱማ ኋላ ባዶ እጁን ሄደ አይደል?» ትላለች የልብስ ሰፊዋ ጓደኛ፣ አዋላጇ።

«አንቺ ደግሞ! አፍሽን ዝጊ!» አክስት መቀርቀሪያውን ቀጭ ታደርጋለች።

የጋሪ ጎማ ይንገጫገጫል፣ ይቀርባል፣ ይቆማል። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች። አሁን ገና ታያለች፤ የያዘችውን የተማሪ ዩኒፎርም ኪስ አፉን ድፍን አድርጋ ሰፍታዋለች። እሱን አይደለም የምትፈራው። የምትፈራው ከሄደ በኋላ ያለውን ጸጥታ ነው፤ ስታስነጥስ እንኳ «ይማርሽ» የሚላት የሌለበትን።

ኳ። ኳ። ኳ።

ቀስ ተብሎ ነው የተመታው። አጣቢዋ በእርጥብ እጇ አፏን ትይዛለች።

«ትንፍሽ እንዳትሉ!» ትላለች አክስት በሹክሹክታ፣ ዓይኗ እየበራ። «ይኸው፣ እየተለማመጠ ነው። አላልኳችሁም? ልቡ እዚሁ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ትመለከታለች። እውነት ይሆን? ባይሆንስ? የሚያድናት ካለ ብላ ጓደኛዋን ታያለች።

አዋላጇ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አታደርግም።

«እትዬ፣ ቁልፉ እኮ እሱ ጋ ነው! ሊሞክረውም አልፈለገ። የገዛ ቤቱን የሚያንኳኳ ሰው የት አይተው ያውቃሉ?»

አክስት ከበሩ ፈቀቅ ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ መቀርቀሪያው ትሄዳለች።