በሽሮ ያሳበበ ሆድ
በሁዳዴ ጾም አጋማሽ የአንድ የመምሪያ ኃላፊ ሆድ መነፋቱ ለሚመለከተው ሁሉ በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል።

ኃላፊው ጥፋቱ የሽሮ ነው ብሎ ደምድሟል። ጾሙን በፈቃድ ለመግደፍ ስለፈለገም የነፍስ አባቱን አባ ወልደ ሰንበትን ይዞ ወደ ቻይና ባህላዊ ሕክምና ክሊኒክ ሄደ።

«አባቴ፣ በጆሮዎ ይስሙልኝ። ሽሮው ነው ካለ ይፈቅዱልኛል።»

«እንሰማለና» አሉ አባ።

ቻይናዊው ሐኪም የሰውየውን የእጅ አንጓ ይዞ የደም ሥሩን አዳመጠ። ከዚያ ምላሱን አስወጥቶ አተኩሮ አየው። አማርኛ የለመደው መርካቶ ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም።

«ሽሮ ምንም አላደረገህም። ይሄ ነጭ ምላስ የጥሬ ሥጋ ነው። ጥሬ ሥጋ ሆድ ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይነፋል። ዝንጅብልና የመንደሪን ልጣጭ አፍልተህ ጠጣ፤ ቁርጡን ተው።»

አባ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱት።

«አንተ ሰውዬ፣ በሁዳዴ ቁርጥ?»

«አባቴ፣ ምላስ ምስክር ይሆናል እንዴ?»

«ይሆናል እንጂ! እኔን ስንት ጊዜ ዋሽተኸኝ፣ እሱ አንዴ አይቶ አወጣብህ። ይሄ ከእግዜር የተሰጠው ነው።»

ሐኪሙ በምስጋናው ደስ ብሎት ወደ አባ ዞረ። ቀሚሳቸውን የወጠረውን ሆድ ሲያይ ወንበሩን አስጠጋ።

«የእርስዎም ተነፍቷል። በነጻ ልመርምርዎት፤ ምላስዎን ያውጡ።»

አባ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።

«አላወጣም።»

«ለምን አባቴ?» አለ ሰውየው፣ ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ።

«አላወጣም አልኩ። ለምን የሚባል ነገር የለም።»