ያልበቀለው ጢም

አዝመራው ሚስቱ ስንዱ ከሞተችበት ዛሬ አርባ ቀኑ ነው። ጢም ያለው ሰው ሥራ አይቀጠርም ከተባለ ወዲህ በከተማው ወንዱ ሁሉ ጢሙን ዳግም እንዳይበቅል ቤቱ ውስጥ በጨረር መሣሪያ አጥፍቶታል። የእሱን ያጠፋችለት ራሷ ስንዱ ነበረች። እሑድ እሑድ መሣሪያውን አገጩ ላይ እያሳረፈች፣ "ከእንግዲህ አትወጋኝም!" ብላ ትስቅ ነበር።

አሁን ጥቁር ቢለብስም፣ መስታወት ባየ ቁጥር የሚያየው ጢሙን ያሳደገ ሐዘንተኛ ሳይሆን ሙሽራ ነው። የገዛ ፊቱ አሳፈረው።

ከሰዓት በኋላ አጎቱ ጋሽ ደምሰው ከገጠር ደረሱ። በአርባው የሐዘንተኛን ጢም ላጭቶ "በቃህ" ማለት የእሳቸው ድርሻ ነው። ውኃና ሳሙና አስመጥተው አሮጌ ምላጫቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

"ጋሼ፣ ምኔን ሊላጩት ነው? ላይበቅል ጠፍቷል እኮ!"

"ዝም ብለህ ቀና በል።"

ሳሙናውን አረፋ እስኪሆን ቀቡት። ከዚያ ምላጩን ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ቀስ አድርገው አወረዱት። ምላጩ ላይ የቀረው ነጭ አረፋ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ምላጩን አተኩረው አዩት፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ።

"አይ ልጄ፣ እንዴት አድጎብሃል!" አሉት። "በል፣ ይብቃህ።"

አዝመራው ያን ጊዜ አለቀሰ።